የሜኖናይቶች ትምህርት ቤት በደቡብ ሩሲያ

ሜኖናይቶች ስማቸውን ያገኙት በ16ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከሜኖ ሲሞንስ ነው። ሕፃናትን አያጠምቁም፤ የሚጠመቀው እምነቱን ዐውቆ በአንደበቱ የሚመሰክር ብቻ ነው። በአርባና በሰማንያ ቀን በምታጠምቅ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጥምቀትን ይከተላል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ይቀድማል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሲደክም የማኅበሩ በር ይጠባል።

ይህም በደቡብ ሩሲያ ጎልቶ ታየ። ሜኖናይቶች ከፕሩሲያ ተነሥተው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1789 ዓ.ም. በኮርቲትሳ፣ በ1804 ዓ.ም. በሞሎችና ሰፈሩ። በየመንደሩም ትምህርት ቤት አቆሙ። መምህሩ ግን ብዙ ጊዜ ገበሬ ወይም እጀ ጥበበኛ ስለ ነበረ፣ ትምህርቱ ከንባብ፣ ከጽሕፈት፣ ከሒሳብና የሃይማኖትን ጥያቄና መልስ በቃል ከማጥናት እምብዛም አላለፈም።

በ1822 ዓ.ም. በኦርሎፍ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1843 ዓ.ም. የሞሎችና ትምህርት ቤቶች ዮሐን ኮርኒስ በሚመራው የእርሻ ማኅበር ሥር ሆኑ። ኮርኒስ መምህራን ችሎታቸው እንዲመረመር፣ ልጆችም ሳያቋርጡ እንዲማሩ አደረገ። ትምህርቱ ተሻሻለ፤ ነገር ግን መሻሻሉን ያመጣው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሥልጣን ሳይሆን የምድራዊ ሹመት ሥልጣን ነበረ።

ይኸው መንገድ ኋላ ለመንግሥትም ተከፈተ። ከ1874 እስከ 1880 ዓ.ም. 18 ሺህ ያህል ሜኖናይቶች የውትድርናን ግዴታና የትምህርት ቤታቸውን መወሰድ ፈርተው ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰደዱ። የቀሩት ትምህርት ቤቶች በ1881 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር ተላለፉ፤ ሩሲያኛም ቀስ በቀስ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። በ1918 ዓ.ም. የሶቪየት ዐዋጅ ትምህርት ቤትን ከቤተ ክርስቲያን በለየ ጊዜ፣ ለጥምቀት የሚያበቃው ትምህርት ከወላጆች ቤት በቀር ብዙ መጠጊያ አልቀረለትም።