ከግሸን የመጡት ሁለት ልጆች

ስሙኝማ! ግሸን ማርያምን ሊሳለም ከመካነ ኢየሱስ የሚነሣ የእስቴ ሰው መንገዱን አሳምሮ ያውቀዋል። ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይን፣ ነፋስ መውጫን አልፎ፣ ጋሸና ላይ ወደ ወገል ጤና ይታጠፋል፤ ከዚያ አምባሰል። ሲመለስ ጸበሉን በጀሪካን፣ እምነቱን በጨርቅ ቋጥሮ ነው። አንዲት ሴት ግን ከዚያው ደብር ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። የሳቸውን ነገር ላውጋችሁ፤ ግን ከግሸን በፊት ነው የምጀምረው።

በ1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን አገር በወረረበት ዓመት፣ ሰላሌ ውስጥ ሸበል አቦ በምትባል መንደር አበበች ጎበና ተወለደች። የወር ልጅ ሳለች አባቷን ጦርነቱ በላባት፤ አያቶቿ አሳደጓት። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት ፈቃዷን ማንም ሳይጠይቃት ተዳረች። ይህ ለእስቴና ለስማዳ ሰው እንግዳ ወሬ አይደለም። ከሙሽርነት ሸሽታ ባሕር ዳር መናኸሪያ የወረደች ልጅ ያልሰማ ማን አለ?

አበበችም ሸሸች፤ አዲስ አበባ ገባች። ከተማው ያኔ ውጧት ቢሆን ኖሮ እኔም የማወጋው አልነበረኝም። አልዋጣትም። ፊደል ቆጠረች፣ አደገች፣ ቡናና እህል የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆነች፣ ትዳር ያዘች። ሰው የሚመኘው ሁሉ ሞላላት።

እንግዲህ ግሸን ደረስን። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1980 ነው፤ ወሎ ተርቧል። ወይዘሮ አበበች ሊሳለሙ ሄደው መንገድ ዳር የወደቀውን ሕዝብ አዩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና አምስት ሊትር ጸበል ነው፤ ያንኑ አከፋፈሉ። አንዲት እናት ሞታለች፣ ልጇ አጠገቧ አለ። አንድ አባት ደግሞ እያጣጣረ ልጁን አደራ አላቸው። አደራ! ያውም የሟች አደራ! ሁለቱንም ይዘው አዲስ አበባ ገቡ።

በሁለት ቢቆም ባልም፣ ጎረቤትም በቻለው ነበር። ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ዘመድ “አብዳለች” አለ። ባላቸው “ከእኔና ከልጆቹ አንዱን ምረጪ” አሏቸው። እኔ በባልየው አልፈርድም፤ ማታ ከሥራ ሲመለስ 21 አፍ የሚጠብቀው ስንቱ ሰው ነው ችሎ የሚቀመጠው? ወይዘሮ አበበች ልጆቹን መረጡ። ቤቱን ትተው ወጡ፤ ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ገቡ። እንጀራ እየጋገሩ፣ ቆሎ እየቆሉ እየሸጡ ያንን ሁሉ ልጅ አበሉ።

ኋላ “አፍሪካዊቷ ማዘር ቴሬሳ” የሚል ስም ወጣላቸው። ለኔ አይጥመኝም። ማዘር ቴሬሳ መነኩሲት ነበሩ፤ ለልጅ ሲሉ ባልና ቤት ትተው አልወጡም። ሰው የሚጠራቸው “እዳዬ” የሚለው ስም ይበልጥ ይስማማቸዋል።

በ1986 እ.ኤ.አ. ሥራቸው ሕጋዊ ሆነ፤ የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ተባለ። ማደሪያው፣ ትምህርቱ፣ ሕክምናው፣ የእጅ ሙያው ተራ በተራ መጣ። ከሁሉ የምወደው ግን ይህን ነው፦ ማኅበሩ ልጆችን ወደ ግቢው መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን በዘመዶቻቸው ቤት እንዳሉ መደገፍ ጀመረ። እናት አባት የሞተበት የእስቴ ልጅ አያቱ ጋ ሆኖ ደብተሩ ቢገዛለት፣ ሲያመው ጤና ጣቢያ ቢደርስ፣ ለምን ከአገሩ ይነቀላል? እዳዬ ራሳቸው አያቶቻቸው ያሳደጓቸው ናቸው፤ ይህን ሌላ ሰው ሊያስተምራቸው አይችልም።

ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ኮሮና ይዟቸው በ85 ዓመታቸው አረፉ። ከአብራካቸው ያልወጡ፣ ለቁጥር የሚያስቸግሩ ልጆች እናታችን ሞተች ብለው አለቀሱ። ማኅበሩ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።