የእንግሊዝ ጠባብ ጀልባዎች ኑሮና በዓል
በመካከለኛው እንግሊዝ የውሃ ቦዮች ላይ የሚመላለሰው ጠባብ ጀልባ ወርዱ 2.1 ሜትር ገደማ ነው፤ ርዝመቱ ግን እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ቀጭንና ረጅም ያደረገው የቦዩ አሠራር ነው። ቦዩ ዳገት ሲያጋጥመው ጀልባው በሁለት በሮች መካከል ይዘጋበትና ውሃ እየተሞላ ከፍ ይላል፤ ቁልቁል ሲሆን ደግሞ ውሃው እየተለቀቀ ዝቅ ይላል። መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሌይና ተከታዮቹ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ባለ ሁለት በር ማቆሪያ ያጠበቡት ገንዘብና ውሃ ለመቆጠብ ነው።

ከሰል፣ የሸክላ አፈርና እህል የጫነውን ጀልባ ዳር ዳሩን የሚሄድ ፈረስ በገመድ ይጎትተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1777 የተጠናቀቀው፣ 2.6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሄርካስል ዋሻ ግን ለፈረስ መንገድ አልነበረውም። ፈረሱ በተራራው ላይ ዞሮ ሲሄድ ሰዎች ጀልባው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው የዋሻውን ግድግዳ በእግራቸው እየገፉ በጨለማ ያሻግሩት ነበር።

ከ1830ዎቹ ወዲህ ባቡር ጭነቱን ሲሻማ የማጓጓዣ ዋጋ ወረደ። ቅጥር ረዳት ማቆየትም የየብስ ቤት መከራየትም ከአቅም በላይ የሆነባቸው ብዙ ጀልበኞች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ጀልባው ላይ ገቡ። አብዛኛው ቦታ የጭነት ስለሆነ ለቤተሰቡ የተረፈው ከኋላ ያለው ሦስት ሜትር ገደማ የሚረዝም ክፍል ብቻ ነበር። እዚያ ውስጥ ባዶ የሚቀር ጥግ የለም። ሲገቡ በግራ በኩል የከሰል ምድጃ አለ፤ ከጎኑ ያለው የቁም ሣጥን ክዳኑ ሲወርድ ገበታ ይሆናል፤ በቀኝ ያለው መቀመጫ ማታ የልጆች መኝታ ነው፤ የወላጆች አልጋ ደግሞ ቀን ቀን ታጥፎ ይዘጋል። በሩና የውሃ ጣሳው በጽጌረዳና በግንብ ሥዕል ያጌጡ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ጠርዛቸው እንደ ዳንቴል የተበሳሳ ሳህኖች ተሰቅለዋል፤ ነሐሱም ሁልጊዜ ይወለወላል። ጌጡ ድህነቱን አይሸፍነውም፤ ንጽሕናና ኩራት ግን በጠባብ ቤትም እንደሚኖሩ በግልጽ ያሳያል።

ልጆቹ ከቦታ ቦታ ስለሚዞሩ ትምህርት ቤት እምብዛም አይገቡም ነበር። ለጀልበኞች ልጆች ይሟገት በነበረው በጆርጅ ስሚዝ ቅስቀሳ በ1877 እና በ1884 የወጡት ሕጎች ጀልባዎቹ እንዲመዘገቡ፣ የነዋሪው ቁጥር እንዲወሰንና ተቆጣጣሪ እንዲጎበኛቸው አዘዙ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጭነት ሥራው ተዳከመ፤ በ1962 እና 1963 መካከል የነበረው ክረምት ቦዮቹን በበረዶ ሲዘጋቸው ብዙ ደንበኞች ወደ መኪና ዞሩ። ቦዮቹን ከመዘጋት ለማዳን የተነሡት በአብዛኛው ጀልበኞቹ አልነበሩም። በ1946 የተመሠረተው የአገር ውስጥ የውሃ መስመሮች ማኅበር በነሐሴ 1950 በማርኬት ሃርበራ የመጀመሪያውን ትልቅ የጀልባ በዓል አዘጋጀ፤ ከመቶ በላይ ጀልባዎችም መጡ። ግቡ መዝናናት ብቻ አልነበረም፤ ቦዮቹ ሕይወት እንዳላቸው ለመንግሥት ማሳየትም ነበር። መሥራቾቹ ሮበርት ኤክማንና ቶም ሮልት ግን በዓላማ ተጋጭተው ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ።

ዛሬ ከታወቁት የጀልባ በዓላት አንዱ ከ1983 ጀምሮ በለንደን ሊትል ቬኒስ በግንቦት መጀመሪያ የሚከበረው ነው። የጀልባው ጉዞ ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም፤ ስለዚህ ባለቤቶቹ ቀናት ቀደም ብለው ይነሣሉ። የዳር ቦታ ስለሚያንስ ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ ጀልባው ውጪ የታሰረበት ሰው መሬት ለመርገጥ በጎረቤቱ ጀልባ ላይ ተሻግሮ ይወርዳል። ጠዋት ሻይ ይፈላል፣ ነሐስ ይወለወላል፣ የውሃ ጋን ይሞላል፣ የመጸዳጃ ቤቱ ማጠራቀሚያም ተወስዶ በተመደበለት ቦታ ይደፋል፤ ይህ የመጨረሻው ሥራ ለጎብኚ አይታይም። ቀን የመንዳት ውድድር ይካሄዳል፣ ማታ ጀልባዎች መብራት ለብሰው ይሰለፋሉ። በየቦዩ ከሰል፣ ናፍጣና የጋዝ ሲሊንደር ጭነው ለነዋሪዎች የሚሸጡ ጥቂት ጀልባዎች አሁንም አሉ፤ ከቀድሞው የጭነት ሥራ የተረፈው በአብዛኛው ይኸው ነው።