ያልተሸነፈው ጀማሪ ምን ተማረ?

ስለ ስህተትና ስለ ትምህርት ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንድ ዓይነት ታሪክ ነው። ሰውየው ይወድቃል፣ ይነሳል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ በመጨረሻም ያሸንፋል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሳይወድቅ ስላሸነፈ ሰው ምንም አይነግረንም። ገና በመጀመሪያው ዓመት ሁሉ ነገር የተሳካለት ወጣት ከምን ይማር? ጭብጨባ በበዛበት ቦታ ‹‹እዚህ ጋ ተሳስተሃል›› የሚለው ሰውስ ከየት ይመጣል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ ያገኘነው አብዛኞቻችን ከማንከታተለው ስፖርት ነው፤ ከአሜሪካን ፉትቦል። ባለታሪኩ ቤን ሮትሊስበርገር ይባላል። በ22 ዓመቱ፣ በ2004 ዓ.ም. ለፒትስበርግ ስቲለርስ መጫወት ጀመረ፤ በመደበኛው የውድድር ዘመን ተሰልፎ የጀመራቸውን 13 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው

እኛ አገር ኳስ ሲባል በእግር የሚለጋው ነው። አሜሪካኖች ‹‹ፉትቦል›› የሚሉት ግን ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት ጨዋታ ነው። በየቡድኑ 11 ሰው ይሰለፋል። የማጥቃቱን ሥራ የሚመራው ‹‹ኳርተርባክ›› የሚባለው ተጫዋች ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ ላይ ኳሱ እሱ እጅ ይገባል። ከዚያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ አለው፤ ወይ ለሯጭ ያቀብላል፣ ወይ ወደፊት ለሚሮጥ ጓደኛው ይወረውራል፣ ወይ ራሱ ይዞ ይሮጣል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት እየተንደረደሩ ይመጡበታል።

የኳርተርባክ ትልቁ ጥፋት ኳስ ማስነጠቅ ነው። ለጓደኛው የወረወረው ኳስ ባላጋራ እጅ ከገባ የቡድኑ የማጥቃት ዕድል እዚያው ያበቃል። ይባስ ብሎ የነጠቀው ተከላካይ ኳሱን ይዞ እስከ መጨረሻው መስመር ከሮጠ 6 ነጥብ ያስቆጥራል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚነጠቁት በዓይናቸው ምክንያት ነው። ሊወረውሩለት ያሰቡትን ሰው አፍጥጠው ያያሉ፤ ከኋላ የቆመው ተከላካይ ደግሞ የሚያነበው የወርዋሪውን ዓይን ነው። ኮሌጅ እያሉ በጉልበትና በፍጥነት ያልፍላቸው የነበረ ኳስ እዚህ አያልፍም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ።

ሽንፈት ያስተማረው

ከሮትሊስበርገር በፊት የሌላ ጀማሪ ታሪክ እናንሳ። በሊጉ ክለቦች በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ይህ ‹‹ድራፍት›› ይባላል። በ1998 የመጀመሪያው ተመራጭ የኢንዲያናፖሊስ ኮልትሱ ፔይተን ማኒንግ ነበር። አገር ምድሩ ብዙ ጠብቆበታል። ሆኖም በዚያ ዓመት 28 ኳሶች አስነጠቀ። ይህ ቁጥር ለጀማሪ ተጫዋች እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ሪከርድ ነው። ኮልትስም ከ16 ጨዋታ 3 ብቻ አሸነፈ።

ክለቡ ግን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አላስቀመጠውም። 16ቱንም ጨዋታ እሱው ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ያስነጠቃቸው ኳሶች ወደ 15 ወረዱ፤ የቡድኑም ውጤት ግልብጥ ብሎ 13 ድልና 3 ሽንፈት ሆነ። የማኒንግ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ አልነበረውም። በየሳምንቱ ሰው ፊት ይወጣል፤ በየሳምንቱም ዋጋ ያስከፍለዋል። እንዲህ ሲሆን መማር ግዴታ ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም።

13 ለ 0

የሮትሊስበርገር አጀማመር የዚህ ተቃራኒ ነው። የኦሃዮ ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ በኳርተርባክነት የተጫወተው በመጨረሻው ዓመት ብቻ ነበር። በ2004ቱ ድራፍት በ11ኛነት ሲመረጥ ሁለት ኳርተርባኮች ቀድመውታል፤ አንዱ የፔይተን ማኒንግ ታናሽ ወንድም ኢላይ፣ ሌላው ፊሊፕ ሪቨርስ።

የስቲለርስ ዕቅድ ልጁ የመጀመሪያውን ዓመት ከጎን ቁጭ ብሎ እንዲያይ ነበር። ከፊቱ ልምድ ያላቸው ሁለት ተጫዋቾች ነበሩ። አንደኛው ቻርሊ ባች የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ተጎዳ። ሁለተኛው ቶሚ ማዶክስ መስከረም 19 ቀን ባልቲሞር ላይ ክርኑን ተጎድቶ ወጣ። ጀማሪው ተነስቶ ገባ፤ ሁለት ጊዜ በውርወራ አስቆጠረ፣ ሁለት ጊዜ ተነጠቀ፣ ቡድኑም ተሸነፈ።

ከሳምንት በኋላ ማያሚ ላይ ራሱ ተሰልፎ ጀመረና 13 ለ 3 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ይከብዳል። በጥቅምት መጨረሻ 21 ተከታታይ ጨዋታ ያሸነፈውን የሊጉን ሻምፒዮን ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስን 34 ለ 20 ረቱት። በሳምንቱ ደግሞ እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈውን ፊላዴልፊያ ኢግልስን 27 ለ 3። ከእሱ በፊት አንድ ጀማሪ ኳርተርባክ በተከታታይ አሸንፎ የጀመረበት ሪከርድ 6 ጨዋታ ነበር፤ እሱ 13 አደረሰው። ስቲለርስ መደበኛውን ውድድር በ15 ድልና በ1 ሽንፈት ጨረሰ። ልጁም የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ቁጥር እንይ። ማኒንግ በ1998 ኳስ የወረወረው 575 ጊዜ ነው፤ 28 ተነጠቀ። ሮትሊስበርገር በ2004 የወረወረው 295 ጊዜ ብቻ ነው፤ 11 ተነጠቀ። ከ100 ውርወራ ስንቱ እንደተነጠቀ ብናሰላው የማኒንግ ወደ 5፣ የሮትሊስበርገር ወደ 4 ይጠጋል። በዓመቱ መጥፎ የተባለውና በዓመቱ ድንቅ የተባለው ጀማሪ በዚህ በኩል ልዩነታቸው ያን ያህል አልነበረም!

ልዩነቱ ያለው ከጎናቸው በቆመው ሰው ላይ ነው። የ2004ቱ ስቲለርስ በሊጉ ትንሹን ነጥብ ያስተናገደ የመከላከል ክፍል ነበረው። ከማንም ክለብ በላይ ኳስ ይዞ የሚሮጥም ነበር። ልጁ ሲሳሳት ተከላካዮቹ ይሸፍኑለታል፤ ሯጮቹ ደግሞ ብዙ እንዲወረውር አያስገድዱትም። ይህ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ቡድን ማለት ይኸው ነው። ችግሩ፣ የተሸፈነ ስህተት ጠፋ ማለት አይደለም።

ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው

ጥሎ ማለፉ በጥር 2005 ተጀመረ። የመጀመሪያው ተጋጣሚ ኒው ዮርክ ጄትስ ነበር። ሮትሊስበርገር ሁለት ኳስ አስነጠቀ። አንዱን የነጠቀው ተከላካይ 86 ያርድ ሮጦ አስቆጠረበት። ሁለተኛው የተነጠቀው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ውጤቱም 17 ለ 17 እያለ ነው። ጄትስ በእግር የሚመታ አንድ ኳስ ቢያገባ ነገሩ ያበቃል። መቺው ሳተ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ሁለተኛ ስህተቱ ነበር። ስቲለርስ በጭማሪ ሰዓት 20 ለ 17 አሸነፈ። ፒትስበርግ ጨፈረች። የልጁን ስህተት የሸፈነው በዚያ ቀን የራሱ ቡድን እንኳን አልነበረም፤ የባላጋራው እግር ነው።

በሳምንቱ ፓትሪየትስ መጡ፤ በጥቅምት የተሸነፉት እነዚያው። ያኔ የነበረውን ጨዋታ አጥንተው ነው የመጡት። ሮትሊስበርገር ሦስት ጊዜ ተነጠቀ። ከእረፍት በፊት ሮድኒ ሃሪሰን የተባለው ተከላካይ አንዱን ኳስ ቀምቶ 87 ያርድ ሮጠ። ለእረፍት ሲወጡ 24 ለ 3፣ ሲያልቅ 41 ለ 27። በመደበኛው ዘመን ያልተሸነፈው ጀማሪ፣ በሁለት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አምስት ኳስ አስነጥቆ በሜዳው ተሰናበተ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ እሱም ከዚህ አላመለጠም። ዓመቱን ሙሉ ሲያሞግሱት የነበሩ ተንታኞች ‹‹ከመጀመሪያውም ቡድኑ ነው የተሸከመው›› ማለት ጀመሩ። በእኛ እምነት ግን የልጁ እውነተኛ የትምህርት ዓመት የተጀመረው በዚያ ምሽት ነው። በሜዳው ዳር እያለቀሰ ለአንጋፋው ሯጭ ለጄሮም ቤቲስ ቃል ገባለት፤ ጡረታ አትውጣ፣ አንድ ዓመት ጨምር፣ ሱፐር ቦውል አደርስሃለሁ አለው። የሚቀጥለው ሱፐር ቦውል የሚካሄደው በቤቲስ የትውልድ ከተማ በዲትሮይት ነበር።

ቃል የተከበረበት ጥር

የ2005ቱ ውድድር እንደ ቀደመው አልተመቸም። ሮትሊስበርገር ጉልበቱን ተጎድቶ ጨዋታዎች አመለጡት፤ ቡድኑ በአንድ ወቅት 7 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነበር። የቀሩትን አራት ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ የመጨረሻዋን የጥሎ ማለፍ ቦታ አገኘ። ይህ ማለት ሁሉንም በሰው ሜዳ መጫወት ነው።

አሰልጣኙ ቢል ካወር ያደረገው ነገር ትኩረት ይገባዋል። ባለፈው ጥር አምስት ኳስ ያስነጠቀን ልጅ፣ ብዙ ሰው ቢሆን ‹‹እንዳያበላሽብን ኳሱን ከእጁ እናርቅ›› ይል ነበር። ካወርና ረዳቶቹ ግን ተቃራኒውን መረጡ። ትልልቆቹን ጨዋታዎች በውርወራ ጀመሩ። ሲንሲናቲ፣ ኢንዲያናፖሊስ፣ ዴንቨር ላይ በተደረጉት ሦስት ጨዋታዎች ሮትሊስበርገር 7 ጊዜ በውርወራ አስቆጠረ፤ የተነጠቀው አንዴ ብቻ ነው።

ኢንዲያናፖሊስ ላይ የጠበቀው ማን መሰላችሁ? ፔይተን ማኒንግ። ሽንፈት ያስተማረውና ድል ያሳደገው ሁለቱ ጀማሪዎች ተገናኙ። ኮልትስ በዚያ ዓመት 14 አሸንፎ 2 ብቻ የተሸነፈ፣ የዋንጫው ግምት የተሰጠው ቡድን ነበር። ስቲለርስ 21 ለ 18 እየመራ፣ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ያልበለጠ ሰዓት ሲቀር፣ ከመስመሩ ሁለት ያርድ ላይ ኳሱ ለቤቲስ ተሰጠ። ቤቲስ ጣለው። ኒክ ሃርፐር የተባለ የኮልትስ ተከላካይ አፈፍ አድርጎ ወደ ሌላኛው ጫፍ በረረ። ከፊቱ የቀረው ሮትሊስበርገር ነበር። ወደ ኋላ እየተንሸራተተ፣ እየዞረ፣ እየወደቀ በአንድ እጁ እግሩን ያዘውና ጣለው። ኮልትስ በመጨረሻ የሞከሩት ምትም ሳተ። ኳርተርባክ ሰው የመጣል ሥራ የለበትም። ያቺ ቅፅበት ግን የዓመቱ ሁሉ ውርወራ ያላስገኘውን አስገኘች።

የካቲት 5 ቀን 2006 ዲትሮይት ላይ ስቲለርስ ሲያትል ሲሆክስን 21 ለ 10 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ቤቲስም በተወለደበት ከተማ ጡረታውን አወጀ። ሮትሊስበርገር በ23 ዓመቱ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ በዕድሜ ትንሹ ተሰላፊ ኳርተርባክ ሆነ።

ድል እንደገና ሲሸፍን

ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ታሪክ ግን ይቀጥላል። በዚያ የፍፃሜ ጨዋታ ሮትሊስበርገር ከ21 ውርወራ የተሳካለት 9 ብቻ ነው፤ ሁለት ተነጠቀ፣ በውርወራ አንድም አላስቆጠረም። በሱፐር ቦውል ታሪክ ከአሸናፊ ኳርተርባኮች ሁሉ ዝቅተኛው የውርወራ ነጥብ የእሱ ነው። ዋንጫው ግን እጁ ላይ ነበር፤ ዋንጫ የያዘን ሰው ደግሞ ማን ይገስፃል?

በሰኔ 2006 ያለ ሄልሜት ሞተር ብስክሌት ሲነዳ ከመኪና ጋር ተጋጨ፤ ፊቱ ተሰባብሮ ለሰዓታት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ካወር ከአንድ ዓመት በፊት በዚሁ ጉዳይ አስጠንቅቆት ነበር። በቀጣዩ የውድድር ዘመን 23 ኳስ አስነጠቀ፤ ከሊጉ ሁሉ የበዛ ነው። ቡድኑም 8 አሸንፎ 8 ተሸነፈ። ከዚያ እንደገና ሠርቶ በየካቲት 2009 ሁለተኛውን ሱፐር ቦውል አነሳ፤ በጥር 2022 ከ18 ዓመት በኋላ ከጨዋታ ተሰናበተ።

አንድ ነገር ግን ሳንጠቅስ ብናልፍ ታሪኩን ማሳመር ይሆናል። በ2010 አንዲት የኮሌጅ ተማሪ በወሲባዊ ጥቃት ወንጅላዋለች። ዓቃቤ ሕግ ክስ አልመሠረተም፤ ሊጉ ግን በሥነ ምግባር ደንቡ መሠረት 6 ጨዋታ ቀጣው፤ ቅጣቱ በኋላ ወደ 4 ዝቅ አለ። ይህንን ‹‹ከስህተቱ ተማረ›› በሚለው ዝርዝር ውስጥ ከተነጠቁ ኳሶች ጋር አንደምረውም። ኳስ መነጠቅ የሚጎዳው ቡድንን ነው፤ ይህ የሌላ ሰው ሕይወት ነው። ‹‹ስህተት›› የሚለው ቃል ሁሉንም እንዲሸፍን መፍቀድ የለብንም።

ለእኛስ?

ይህንን የምንጽፈው እኛም በጀማሪ ዕድሜ ላይ ስላለን ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሥራ፣ የመጀመሪያ ጽሑፍ፣ የመጀመሪያ ንግድ ላይ ነን። አንዳንዶቻችን እንደ ማኒንግ በአደባባይ እየተነጠቅን ነው፤ ያማል፣ ግን ስህተታችንን እናውቀዋለን። ሌሎቻችን እንደ ሮትሊስበርገር እየተሳካልን ነው፤ ከኋላችን ጥሩ አለቃ፣ ደህና ቤተሰብ፣ ወይም የባላጋራ እግር መሳት ይኖራል።

የሁለተኞቹ ፈተና የሚከብድ ይመስለናል። የተሸነፈ ሰው ‹‹የት ተሳሳትኩ?›› ብሎ ለመጠየቅ ማንም አያስታውሰውም። ያሸነፈ ሰው ግን ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት በጭፈራው መሀል ነው። ፒትስበርግ ጄትስን አሸንፋ በጨፈረችበት ሌሊት፣ ፓትሪየትስ ቪዲዮ እያዩ የልጁን ዓይን ያጠኑ ነበር ብንል ብዙም አንሳሳትም።

እናንተስ፣ ባለፈው ያሸነፋችሁት ጨዋታ ላይ ስንት ኳስ ተነጠቃችሁ?