ሠዓሊና ሰአሊ፤ ወጣት ተማሪ ሥነ ጥበብን ስለ ምን ይመርጣል?

ግዕዝ ሁለት መንታ የሚመስሉ ግሦች አሉት። አንደኛው «ሠዐለ» ነው፤ በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ ሲጻፍ ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ሁለተኛው «ሰአለ» ነው፤ በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ሲጻፍ ለመነ፣ ጠየቀ ማለት ነው። በብራና ላይ ልዩነታቸው ግልጽ ነው፤ በአማርኛ አንደበት ሲነገሩ ግን ጆሮ ሠዓሊውን ከለማኙ ለይቶ አይሰማም። «ሥዕል መማር እፈልጋለሁ» ያለ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከእናቱና ከአባቱ የሚገጥመው ሥጋት ሁሉ በዚህች የፊደል ጨዋታ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ልጁ በንጉሡ ሠ ይናገራል፤ ወላጅ በእሳቱ ሰ ይሰማዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ አንድ ወጣት ተማሪ ሥነ ጥበብን ስለ ምን ይመርጣል? ጥያቄው የዛሬ ይመስላል እንጂ ታሪክ አለው። ታሪኩን ለመከተል ደግሞ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው መንገድ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም፤ ከሽሮ ሜዳ።

ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰቀለው ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ የፈለገ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጉለሌ ጓሮዎች ይዝለቅ፤ ከጋሞ ደጋ፣ ይልቁንም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው በጉድጓዳቸው ተቀምጠው መወርወሪያ ሲወረውሩ ያገኛቸዋል። በቀሚሱ ጠርዝና ደረት ላይ በቀለም ክር የሚወርደውን ሐረግ ሕዝባችን ምን ብሎ ይጠራዋል? «ጥበብ» ይለዋል። «የጥበብ ቀሚስ» ስንል ቃሉን ከሰሎሞን ጥበብ፣ ከሥነ ጥበብም አልለየነውም። ቋንቋው አንድ ያደረገውን ግን ማኅበረሰቡ ለያይቶት ኖረ። ልብሱን «ጥበብ» እያለ የለበሰ ሰው የሠራውን እጅ «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሰደበ፤ ብረት ሠሪውን «ቡዳ»፣ ቆዳ ለፊውን «ፋቂ» እንዳለው ሁሉ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። የሰው ሁሉ አባት አዳም፣ እናቱም ሔዋን መሆናቸው የአዋጁ መከራከሪያ ነበረ። አዋጁ የንጉሥ ነበርና ተሰማ፤ ስድቡ ግን የሕዝብ ነበርና ቆየ።

በዚያ በጥንቱ ዓለም «ምርጫ» የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የሸማኔ ልጅ በቀሰም ፈትል ሲያጠነጥን ያድግና ጉድጓዱን ይወርሳል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ልጅ እንዲሁ ነው፤ ቀለም ሲፈጭ፣ ግድግዳ የሚለበጠውን ጨርቅ ሲያሰናዳ፣ ሐረግ ሲጽፍ፣ የልብስ እጥፋት ሲሞላ ቆይቶ በመጨረሻ ፊት እንዲሥል ይፈቀድለታል። ወደ ጥበብ የሚገባው ከወላጁ ወይም ከመምህሩ እጅ ሥር ነበር፤ «ለምን መረጥህ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ሚኬላንጄሎ እ.ኤ.አ. በ1488 በፍሎረንስ ወደ ጊርላንዳዮ የሥዕል ቤት ሲገባ ገና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ አባቱም ሥራው ለቤተሰቡ ክብር አይመጥንም ብሎ እንደ ተቃወመው፣ እንደ ደበደበውም የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ። በፍሎረንስም በሸዋም የጥበብን ፍሬ የሚወድድ እንጂ ልጁን ለጥበብ የሚሰጥ ወላጅ ብርቅ ነበር።

በአገራችን የዘመናዊው ሥዕል አባቶች ወጣትነት ሲመረመር ለምርጫቸው ሁለት በሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው በር የቤት ውርስ ነው። በሰላሌ ፍቼ የተወለዱት አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ቤተሰብ የወጡ ናቸው፤ አጎታቸው እምአእላፍ ኅሩይም ስማቸው የታወቀ ሠዓሊ ነበሩ። የሐረሩ ገብረ ክርስቶስ ደስታም ብራና በሚጽፉና በሥዕል በሚያስጌጡት በአለቃ ደስታ ቤት አደገ። በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ ጀመረ፤ ነገር ግን ትቶት ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ሄደ። ለዘመኑ ወጣት ሳይንስን ትቶ ቀለም መያዝ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ለማንም ግልጽ ነው። የአባቱን ብራና ግን እንዳለ አልደገመውም፤ ከአውሮፓ ሲመለስ ይዞት የመጣው ረቂቅ ሥዕል አዲስ አበባን ግራ አጋባ፣ አከራከረም። ውርስ ለእርሱ መነሻ ሆነው እንጂ አጥር አልሆነበትም። ገጣሚም ነበርና የግጥሙ አንባቢዎች ይህን ሲሰሙ አይደነቁም፤ በስንኙም የሚታየው ያው ነጻ እጅ ነው።

ሁለተኛው በር የሌላ ሰው ዓይን ነው። አፈወርቅ ተክሌ ከአንኮበር ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የተላኩትም የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነው። ከጦርነት የወጣች አገር የሚያስፈልጋት መሐንዲስ ነበርና ምርጫው የመንግሥት ነበር። በትምህርት ቤት ሳሉ ግን የሥዕል ተሰጥኦአቸው በመምህራኑ ዘንድ ታየ፤ ከዚያም በለንደን በሴንትራል የጥበባት ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ተማሩ። መንግሥት አንድ መሐንዲስ አጣ፤ አገር በአፍሪካ አዳራሽ የሚበራውን መቶ ሃምሳ ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት አገኘች። እስክንድር ቦጎሲያንም የተፈሪ መኮንን ተማሪ ሳለ፣ በዐሥራዎቹ ዕድሜው መጨረሻ፣ ከንጉሡ ኢዮቤልዩ ጋር በተያያዘ ውድድር ሁለተኛ ሽልማት አገኘ፤ ሽልማቱም የነጻ ትምህርት ዕድል አስከትሎ ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ መራው። ዛሬ ሥራው በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። የአንድ ተማሪ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ቆሞ አየው፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ጀመረ።

ከእነዚህ ታሪኮች አንድ ነገር እንማራለን። ወጣት «ጥበብን መረጥሁ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ጥበብ አስቀድማ ከመረጠችው በኋላ ነው፤ ወይ እጁ በቤቱ ተለማምዷል፣ ወይም ሌላ ሰው እጁን አይቶለታል። ያልታየ እጅ ራሱን አያውቅም።

ሦስተኛውን በር የከፈቱት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመሠረተ። የዚህ በር ልዩነቱ ምንድን ነው? አባቱ ሠዓሊ ያልነበረ፣ ንጉሥ ያላየው፣ ባሕር ማዶ ያልተላከ ልጅ በፈተና ሊገባበት መቻሉ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ምሩቃን አንዷ የሆኑት ደስታ ሐጎስ በዚያ በር ገብተው እ.ኤ.አ. በ1969 የግላቸውን ዐውደ ርእይ አሳዩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ የሥዕል ቤት ብቻ ቢጠበቅ ኖሮ ያ በር ለሴት ልጅ አይከፈትም ነበር። ገብረ ክርስቶስና እስክንድር በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሩ። «ሥዕል» የቤተሰብ ሙያ መሆኑ ቀርቶ «የትምህርት ዓይነት» ሆነ፤ «ለምን መረጥህ?» የሚለው ጥያቄም ያን ጊዜ ተወለደ።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። አብዮቱ ሠዓሊ ይፈልግ ነበር፤ ለአደባባይ ምስል፣ ለፖስተር፣ ለሰልፍ መፈክር። ብዙ ወጣቶችም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ። እንጀራው ተገኘ፤ የሚሣለውን መምረጥ ግን ከሠዓሊው እጅ ወጣ። ከወልድያው ታደሰ መስፍን ጀምሮ በሌኒንግራድ የሠለጠኑት ሠዓሊዎች ያንን ጽኑ የአሣሣል ሥርዓት ይዘው ተመልሰው በኋላ ለተማሪዎቻቸው ማውረሳቸው ግን የማይካድ ትርፍ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ፤ በመሥራቹም ስም «አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት» ተባለ። መምህሩ በ2008 ዓ.ም. ሲያርፉ ስማቸው በደጁ ላይ ተጽፎ አይተው ነው።

ሆኖም በሩ ሲከበር ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰባ ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ መስኮች እንዲገቡ የሚያዝዝ መመሪያ አወጣ፤ ያ ዘመን አንድን ትውልድ «ጎበዝ ከሆንህ ምሕንድስና» እያለ አሳደገ። ሥዕል በታችኞቹ ክፍሎች ትምህርት ሆኖ ይሰጣል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን ከመደበኛዎቹ ትምህርቶች መካከል አይገኝም። ልጁ ራሱን በሚፈልግበት፣ ድምፁ በሚጎረንንበት፣ ስሙን በመቶ ዓይነት ፊርማ በሚሞክርበት ዕድሜ እርሳሱ ከእጁ ይወሰዳል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ «የሥዕል መግቢያ ፈተና ተፈተን» ይባላል። በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ እጁን ያቆየው ማነው? በደብተሩ ጀርባ፣ በጠመኔ፣ በታክሲ ጥቅስ፣ በሰፈር ሠዓሊ ቤት ያቆየው አለ፤ እንጦጦን በመሳሰሉ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ሥነ ጥበብ አጥንቶ የወጣም አለ። የቀረው ግን እጁን ረስቷል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ይህን ሁሉ አልፎ የሚመርጠው ወጣት ለምን ይመርጣል? ለገንዘብ እንዳይባል መንገዱ ሌላ ነው። ለክብር እንዳይባል ገና ከእሳቱ ሰ አልተላቀቀም። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፤ ተማሪ በሌላው ትምህርት ሁሉ መልሱ አስቀድሞ በመምህሩ እጅ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል። በሥዕል ጊዜ ግን ባዶ ወረቀት ይሰጠዋል፤ መልሱን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። በቤት ታዛዥ፣ በትምህርት ቤት አድማጭ፣ በሰፈር ልጅ ለሆነ ሰው «አንተስ ምን አየህ?» የምትለው ያች ባዶ ወረቀት ብቻ ናት። ግጥምም እንዲሁ ትጠይቃለችና ይህን ለግጥም ወዳጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

የሽሮ ሜዳ ነገር የሚከብደኝም እዚህ ላይ ነው። በጉለሌ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው የዐሥራ አምስት ዓመት ሸማኔ ቀለም ከቀለም ማስማማት ያውቃል፤ የጥለቱን ሐረግ ያለ ወረቀት በራሱ ቆጥሮ ይይዛል፤ አንድ ክር ቢሳሳት ከሩቅ ያያል። ሌላው ተማሪ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ የሚማረውን ቅንብርና ምት እርሱ በጣቱ ያውቀዋል። ነገር ግን ይህ ዕውቀቱ በየትኛውም የትምህርት ማስረጃ ላይ አይመዘገብም። ከጋሞ በልጅነታቸው ለሽመና መጥተው ትምህርት ቤት ያልደረሱም አሉ፤ እነርሱ መምረጥ ቀርቶ የምርጫውን ጥያቄ አልሰሙም። በማሽን የታተመ የባህል ልብስ አስመሳይ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ደግሞ የእጁ ዋጋ ይወድቃል፤ ልጁም ጉድጓዱን ትቶ ሲወጣ ያንን ሁሉ ዕውቀት እዚያው ይጥለዋል።

ሁለቱን ዓለሞች ያገናኙ ሠዓሊዎች ግን አሉን። ዘሪሁን የትምጌታ የሸማኔ መሣሪያ በሚሠራበት በቀጭን የቀርከሃ ስንጣሪ ላይ እየሣሉ የራሳቸውን መንገድ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ተሸለሙ። ኤልያስ ስሜ በክርና በመርፌ እየጠቀመ፣ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሰበሰበውን የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ፈትል እየጠለፈ ሥራውን ለዓለም አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የስሚዝሶንያንን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ። ድርና ማግ በሙዚየም ግድግዳ ላይ «ሥነ ጥበብ» ተብሎ ሲሰቀል ዓለም ያጨበጭባል። በሽሮ ሜዳ ሱቅ ላይ ሲሰቀል ስለ ምን ዋጋ እንከራከርበታለን?

ስለዚህ «ወጣቶች ሥነ ጥበብን ለምን ይመርጣሉ?» የሚለው ጥያቄ አንድ እህት አለው፤ «ለመምረጥ የሚበቁት የማን ልጆች ናቸው?» የሚል። ከቤቱ የወረሰ መረጠ፤ የታየለት መረጠ፤ በ1950 ዓ.ም. በር የተከፈተለትም መረጠ። ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው መንገድ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው። አንድ የሥዕል መምህር ያንን ዳገት ወጥቶ የሸማኔውን ልጅ ጥለት እንደ ተማሪ ሥራ ቆሞ ቢያየው፣ «ይህን ሐረግ ከየት አመጣኸው?» ብሎም ቢጠይቀው፣ ልጁ በንጉሡ ሠ የሚጻፍ ስም እንዳለው ያን ጊዜ ያውቃል።