የራስ ቁር ታሪክ፤ ከውድድር መም እስከ ተራው መንገድ



በእንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሞተር ብስክሌቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር መም ላይ ሊነዳ እንደሆነ ጻፈልኝ። ወዳጁ ያገለገለ የራስ ቁር ሊያውሰው ቃል ገብቶለታል። «ታሪክ ምን ይመክረኛል?» ሲል በቀልድ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ጥያቄውን እንደ ቀልድ አላየሁትም።

የራስ ቁር ታሪክ ከሐኪሞች ትዝብት ይጀምራል። (ዓመታቱን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በብሩክላንድስ መም ያገለግሉ የነበሩት ዶክተር ኤሪክ ጋርድነር፣ የወደቁ ነጂዎች በራሳቸው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ተመልክተው ጠንካራ የራስ ቁር አሠሩ። በ1914 በማን ደሴት ውድድር ቁሩ ግዴታ ሆነ።

ተራው መንገድ ግን ትምህርቱን ቶሎ አልተቀበለም። በግንቦት 1935 «የዐረቢያው ሎሬንስ» በመባል የሚታወቁት ቲ. ኢ. ሎሬንስ በዶርሴት ሁለት ባለብስክሌት ልጆችን ላለመግጨት ሲሉ ወደቁ። የራስ ቁር አላደረጉም ነበር፤ ከ6 ቀን በኋላ በ46 ዓመታቸው ዐረፉ። ካከሟቸው አንዱ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂው ኬይርንስ ነበሩ። በ1941 ስለ ሞተረኞች የራስ ጉዳትና ስለ ቁሩ ጥቅም ጥናት አሳተሙ፤ በዚያው ዓመት የብሪታንያ ጦር ለመልእክተኛ ሞተረኞቹ ቁሩን ግዴታ አደረገ። ለሕዝቡ ሕግ የሆነው ግን በ1973 ነው። ከመሙ እስከ መንገዱ 59 ዓመት ፈጀ።

ልዩነቱን እንዲህ እረዳዋለሁ፦ ውድድር «ያለዚህ አትገባም» የሚል ኃላፊ በሩ ላይ አለው፤ መንገድ ግን ሕግ እስኪወጣለት ድረስ ጠባቂ አልነበረውም።

ቁር ማጥለቅ ብቻ ግን አይበቃም። በ1956 የመኪና ተወዳዳሪው ፒት ስኔል ቁር አድርገው ሳሉ በራስ ጉዳት ሞቱ፤ በማግስቱ ዓመት ቁሮችን የሚፈትን ድርጅት በስማቸው ተቋቋመ። የዛሬው ቁር የምቱን ኃይል የሚውጠው ውስጡ ያለው ሽፋን ሲጨፈለቅ ነው። አንዴ የተጨፈለቀ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ጉዳቱም ከውጭ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የተዋሱት ቁር ምንጩ እንዳልተጣራ ሰነድ ነው።

ልብሱም የራሱ ታሪክ አለው። ጄፍ ዱክ ወጥ የቆዳ ልብስ ያሰፉት የነፋሱን ግፊት ለመቀነስ ነበር፤ ዛሬ ግን ወጡን ልብስ የምንመርጠው ነጂው አስፋልት ላይ ሲንሸራተት ወገቡ እንዳይገለጥ ነው።

ለተማሪዬ እንዲህ ስል መለስኩለት፦ «በመጀመሪያ አዘጋጆቹ የሚቀበሉትን የፍተሻ ምልክት ጠይቅ። አዲስ ቁር ግዛ፤ ስታንቀሳቅሰው ጉንጭህ አብሮ ይንቀሳቀስ፣ ማሰሪያው ታስሮ ከኋላ ወደ ፊት ስትገፋው አይውለቅ። ወጥ የቆዳ ልብስ፣ አንጓ የሚሸፍን ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ጫማ አድርግ። ገንዘቡ ካልበቃህ ቀኑን አራዝመው እንጂ ራስህን አታስይዝ።»

ወዳጁን አመስግኖ ቁሩን መለሰ። የመሙን ቀንም ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ።