የማይረዝመው ብረት፦ ሻርል ኤዱዋር ጊዮም እና የሙቀት መርዘም ልኬት

ጠጣር አካል በሙቀት እንደሚረዝም የብረት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። አስቸጋሪው ጥያቄ «በምን ያህል?» የሚለው ነው፤ መለኪያው ራሱ ከሚለካው ጋር አብሮ ይረዝማልና።

እ.ኤ.አ. በ1889 የሜትር ዋና መለኪያ ሆኖ የጸደቀው ዘንግ ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም የተሠራ ስለ ነበረ ዋጋው እጅግ ውድ ነበር። በፓሪስ አቅራቢያ፣ በሴቭር በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሚዛንና የመስፈሪያ ቢሮ ይሠራ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ሻርል ኤዱዋር ጊዮም ርካሽ ምትክ ይፈልግ ጀመር። የአለካኩ ዘዴ ትዕግሥትን የሚፈትን ነው፦ ዘንጉን በውኃ ገንዳ አጋድሞ፣ የውኃውን ሙቀት ደረጃ በደረጃ እየለወጡ፣ በሁለቱ ጫፎች የተቀረጹትን ጭረቶች በጽኑ ምሰሶ ላይ በተተከሉ ማይክሮስኮፖች ማንበብ። የሚፈለገው ልዩነት የሚሊሜትር ሺኛ በመሆኑ የተመልካቹ የገላ ሙቀት እንኳ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል።

በ1895 የቢሮው ባልደረባ ሬኔ ቤንዋ 22 በመቶ ኒኬልና 3 በመቶ ክሮሚየም ያለበትን ብረት መርምሮ የናስን ያህል ሲረዝም አገኘው። በተከታዩ ዓመት ጊዮም የለካው፣ 30 በመቶ ኒኬል ያለበት ዘንግ ግን መርዘሙ ከፕላቲነም በሲሶ አነሰ። ነገሩ እንግዳ ነው። አንድ ሜትር ንጹሕ ብረት በየዲግሪው 12 ማይክሮሜትር፣ ኒኬል ደግሞ 13 ማይክሮሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ቅልቅላቸውም ከሁለቱ መካከል ይውላል ብሎ መገመት ተገቢ ነበር። ጊዮም መጠኑን እየለዋወጠ 36 በመቶ ኒኬል ላይ ሲደርስ መርዘሙ ወደ 1 ማይክሮሜትር ግድም ወረደ። «የማይለወጥ» ለማለት ኢንቫር ተባለ።

ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሙት ቀያሾች ናቸው። አንድ ኪሎሜትር በብረት ሽቦ ሲለካ የ10 ዲግሪ ለውጥ 12 ሴንቲሜትር ያህል ስሕተት ያመጣል፤ በኢንቫር ግን አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ።

ይሁንና ኢንቫር የተፈለገበትን ግብ አልመታም። ሙቀቱ ባይለወጥም እንኳ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይረዝማል፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው ጥቂት ካርቦን ነው። ይህን ጉድለት ተከታትሎ የለካው ጊዮም ራሱ መሆኑን፣ በ1920 ከተሰጠው የኖቤል ሽልማት ባላነሰ አከብረዋለሁ። የሜትር መለኪያነቱ ግን እስከ 1960 ድረስ፣ የክሪፕተን ብርሃን የሞገድ ርዝመት እስኪተካው፣ በዚያው ውድ ዘንግ እጅ ቆየ።