የራዲዮ ጣቢያ ስም ሲለወጥ

የራዲዮ ጣቢያ ስም ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ወይ ገበያ ሲጠይቅ፥ ወይ መንግሥት ሲያዝ ነው። ሁለቱን ለይተን ካላየን ታሪኩ ይደበላለቅብናል።

በፈረንሳይኛ ይናገር የነበረው ራዲዮ ሉክሰምቡርግ በ1966 እ.ኤ.አ. አርቴኤል ተባለ። ጣቢያው በማስታወቂያ ገንዘብ የሚተዳደር የንግድ ድርጅት ስለ ነበረ፥ ኤሮፕ ኑሜሮ አን ከተባለው ተወዳዳሪው ጋር አድማጭ ይሻማ ነበር፤ ስለዚህ ከስሙ ጋር የፕሮግራሙን አቀራረብ አደሰ። ባለቤቱ ግን ያው ነበር።

በአገራችን የሆነው ከዚህ ይለያል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመውና የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ፈረንሳይኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች ያሠራጭ ነበር፤ የንግድ ጣቢያም አልነበረም። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አለው። በዚህ ጊዜ የተለወጠው ስሙ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱና መልእክቱ ጭምር ነው፤ መሣሪያው ግን ያው ነበር።

የምዕራብ ጎጃም ሰው የስምን መለወጥ ያውቀዋል፤ ወጀት በጃንሆይ ዘመን ፍኖተ ሰላም፥ ማለት የሰላም መንገድ፥ ተብላለችና። ነገር ግን ከተማ ስሟ ቢለወጥ ገበያተኛው መንገዱ ያደርሰዋል። ራዲዮ እንዲህ አይደለም። በአጭር ሞገድ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ነውና፥ ቡሬ ላይ ራዲዮኑን የከፈተ ሰው ተናጋሪውን የሚያውቀው በስሙና በቃሉ ብቻ ነበር። ስለዚህ የስም ለውጥን ታሪክ ስንጽፍ፥ ከአዲሱ ስም አስቀድመን ባለቤቱ ማን ነው፥ የሚናገረውስ ምንድን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል።